ከኮምቦልቻ ቁርጥራጭ ብረት መሃል ያገኘኋቸው ቦርዶች የምን ማሽን ናቸው?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ደሴ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ባለፈው ሳምንት ከተቃጠለ ትራንስፎርመር ሽቦ ልፈታ ብዬ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ አንድ የቁርጥራጭ ብረት ግቢ ገብቼ ነበር። ከመኪና ራዲያተርና ከተጣመመ ቆርቆሮ ሥር በሲባጎ የታሰረ የቦርድ ክምር አየሁ። አንዱን ስመዘው ወርዱ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ጥቋቁር አይሲ (ቺፕ) ከዳር እስከ ዳር የተደረደረበት ሆኖ ተገኘ። ታችኛው ጠርዙ ላይ በስድስት የተከፈለ፣ በወርቅ የተለበጠ የመገናኛ ጥርስ አለው። እዚያው ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አንዱ ክፍል በፊት 18፣ በጀርባ 18 ጥርስ አለው፤ በድምሩ 36፣ በስድስት ሲባዛ 216። ሃያ ዓመት ስጠግን እንዲህ ያለ ቦርድ በእጄ ገብቶ አያውቅም።

እጀታው ላይ ኤም 7265 የሚል ታትሞበታል። ሌሎቹ ኤም 7762፣ ኤም 7819 እና ኤም 7856 ይላሉ። መዳፍ የማይሞሉ ሁለት ትንንሽ ካርዶችም አሉ፤ አይሲ የላቸውም፣ የመዳብ መስመር ብቻ ናቸው። ከሳጥኑ በተረፈ አንድ የብረት ገጽ ላይ በቀይ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፏል፣ መጨረሻው 74 ነው። አይሲዎቹ ላይም 7438 እና 7474 የሚል ስላየሁ ማሽኑ የ1974 ሥራ ነው ብያለሁ።

የግቢው ባለቤት እንደነገረኝ ሐሙስ ዕለት ከአዲስ አበባ የወርቅ ቦርድ የሚገዛ ሰው ይመጣል። ሰውዬው ጥርሱን ብቻ በመቀስ ቆርጦ ይወስዳል፣ ቀሪው ይጣላል። ዛሬ ሰኞ ነው። እነዚህ ምንድን ናቸው? ልግዛቸው ወይስ ልተዋቸው?

ጥያቄዬ ይህ ነበር። የመድረኩ የውይይት ክር ከጠበቅኩት በላይ ስለረዘመ፣ አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ሲያስስ እንዳይውል መልሶቹን በቁጥራቸው ተራ እተርካለሁ።

መልስ 1 የመጣው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው። ጸሐፊው በአክብሮት ሰላምታ ጀምሮ፣ እጀታው ላይ ያሉት የኤም ቁጥሮች የአሜሪካው የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ የዴክ፣ መሆናቸውን ነገረኝ። ይህ ኩባንያ በማሳቹሴትስ፣ ሜይናርድ ከተማ የነበረ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1998 ኮምፓክ ገዝቶታል። የዴክን ቦርድ የሚለይ ሰው ማየት ያለበት እጀታውን ነው አለኝ። ቦርዱ ላይ በመዳብ የተቀረጸ፣ በ50 የሚጀምር ረጅም ቁጥርም አለ፤ እሱ ግን የባዶው ሰሌዳ ቁጥር ስለሆነ ምን ሥራ እንደሚሠራ አይነግርም። ከዚያ የእኔን አንድ በአንድ ፈታልኝ። ኤም 7856 ከጽሕፈት ተርሚናል (ሰው ከማሽኑ ጋር ከሚጻጻፍበት መሣሪያ) ጋር የሚያገናኘውና ሰዓት የያዘው ቦርድ ነው። ኤም 7819 ስምንት ተርሚናል በአንዴ የሚያስተናግደው ነው። ኤም 7762 መረጃ የሚቀመጥባቸውን፣ አርኤል የሚባሉትን ዲስኮች የሚቆጣጠረው ነው። ኤም 7265 ደግሞ ራሱ ፕሮሰሰሩ፣ በትክክል ለመናገር የፕሮሰሰሩ ግማሽ ነው። ማሽኑ ፒዲፒ-11/34 የሚባል ኮምፒውተር ነው፤ ይህ ሞዴል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሌላው የፕሮሰሰር ግማሽ ኤም 7266 ስለሚባል ክምሩ ውስጥ ፈልግ ብሎ ጨረሰ።

ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ሱቄ ውስጥ ተንጎራደድኩ። በዚያ ዘመን ፕሮሰሰር ማለት አንድ ቺፕ ሳይሆን በመቶ የሚቆጠሩ ቺፖች የተሸከሙ ሁለት ሰፋፊ ቦርዶች ነበር። በእጄ ይዤው የነበረው የማሽኑ አእምሮ ግማሽ ኖሯል።

መልስ 2 አንድ መስመር ነው፦ መጀመሪያ ግዛ፣ ከዚያ ትጠይቃለህ የሚል። ልክ ነበር።

መልስ 3 ቆጣ ያለ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በተመለከተ የጻፍኩት ሁሉ ስህተት ነው፣ የሚጠግን ሰው እንዴት ይህን ይስታል ይላል። አይሲ ላይ 7474 ካለ ቀን አይደለም፤ ዓመት 74 ሳምንት የለውምና። 74 እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቆየ የአይሲ ቤተሰብ ስም ነው፤ 7474 ፍሊፕ ፍሎፕ የሚባል የማስታወሻ አይሲ ነው፣ 7438 ደግሞ ናንድ የሚባል የሎጂክ በር አራት ያለበት ነው። ቀኑ በሌላው መስመር ይገኛል፤ አራት አሃዝ ሆኖ ፊተኞቹ ሁለቱ ዓመቱን፣ ኋለኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን ያሳያሉ። 7438 ሰውን የሚያሳስተው 38ኛ ሳምንት የሚባል ነገር በእርግጥ ስላለ ነው። ስለዚህ አንድ አይሲ አይበቃም፤ አሥር ሃያውን ይዞ የሚቀያየረውን መስመር ማየት ያስፈልጋል።

ተግሣጹ ቢጎረብጠኝም ወዲያው ያነሣሁትን ፎቶ አስፍቼ አየሁት። የላይኛው መስመር ኤስኤን 7438 ኤን፣ የታችኛው 7826 ይላል። ጎረቤቶቹ 7819፣ 7822 እና 7830 ናቸው። 7819 ደግሞ ከአንዱ ቦርድ ስም ጋር ስለተመሳሰለ ሌላ ግራ መጋባት አስከተለ። ያም ሆነ ይህ ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ1978 አጋማሽ ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው።

መልስ 4 ያንን በእኛ አቆጣጠር አስልቶ ሰኔ 1970 ነው አለ። መልስ 5 ደግሞ ፒዲፒ-11 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1970 መሆኑን አንድ ቦታ አንብቦ ስለነበር፣ እንግዲያው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው ብሎ ደስታውን ገለጸ። መልስ 6 በትህትና አረመው፤ የመጀመሪያው ፒዲፒ-11 የወጣበት 1970 የፈረንጆቹ ስለሆነ በእኛ 1962 ነው፣ የአይሲው ሰኔ 1970 ደግሞ የእኛ ነው፤ በመሃላቸው ስምንት ዓመት አለ።

እዚህ ላይ ነው መልስ 3ን የጻፈው ሰው ተመልሶ በመልስ 7 የንብረት ቁጥሩን የፈታው። አሁን ለስለስ ብሏል። በመሥሪያ ቤት ቀይ ቀለም የሚጻፍ 74 የእኛ 1974 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ 1981 ወይም 1982። ቦርዶቹ የ1978፣ ንብረት ክፍሉ የመዘገበው የ1981 ወይም 1982፤ ቁጥሩ የገባበትን ዓመት የሚያሳይ ከሆነ ማሽኑ ተሠርቶ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የተመዘገበው። አንዱ ማሽን ላይ ሦስት ዓይነት ሰባ አራት ነበር፦ የአይሲው ቤተሰብ፣ የእኔ የተሳሳተ ግምትና የንብረት ክፍሉ ዘመን። አሮጌ ዕቃ ለምትለዩ ሁሉ እላለሁ፣ ሀገራችን ውስጥ ቁጥር ስታነቡ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ሳትለዩ ወደ ድምዳሜ አትሂዱ።

መልስ 8 ስለ አያቱ ግሩንዲግ ሬዲዮ የሚጠይቅ ነው። አምፖሉ ይበራል፣ ድምፅ የለውም። ሱቅ ይዘኸው ና አልኩት።

መልስ 9ን የጻፉት ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የካርድ ፓንቸር ነበሩ። መረጃ በቀዳዳ የሚመዘገብበትን ባለ 80 ዓምድ ካርድ ቀኑን ሙሉ ሲበሱ እንደሚውሉ፣ ኋላ ተርሚናል ሲመጣ ጣታቸው ከቁልፉ ቅለት የተነሣ ግራ ተጋብቶ እንደነበር ተረኩልን። ማሽኑ ክፍል የሚገባው ጫማ ተለውጦ ነው። ዲስኩ የምጣድ አክንባሎ የሚያህል፣ እጀታ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ የተዘጋ ሆኖ፣ ሲያወጡና ሲያስገቡ ሕፃን እንደያዘ ሰው ይጠነቀቁ እንደነበር ነገሩን። ውስጡ አንድ ብቻ የሆነ፣ ቡናማ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ክብ ሳህን ነው ብለዋል።

ልቤ ቀጥ አለ። ቦርዶቹን ባገኘሁ ዕለት የግቢው ባለቤት ቡና ሲጋብዘኝ ስኒዎቹ የቀረቡት መሃሉ ቀዳዳ በሆነ፣ ወርዱ ከክርን እስከ ጣት ሥር በሚደርስ ቡናማ ክብ ሳህን ላይ ነበር። ሲኒው የተቀመጠበት ቦታ ቀለበት ቀለበት ሠርቶ ቡናማው ተፍቆ አሉሚኒየሙ ይታያል። የአርኤል ዲስክ ነበር። አርኤል 01 ወደ 5 ሜጋባይት፣ አርኤል 02 ወደ 10 ሜጋባይት ይይዛል፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ መዝገብ ወይም የንብረት ዝርዝር እዚያ ቡናማ ዝገት ላይ ተጽፎ ይሆናል። ከሽፋኑ የወጣ ዲስክ ዳግመኛ አይነበብም። ለእትዬ ይህንን ስጽፍላቸው መልስ 10ን በአንድ ዓረፍተ ነገር መለሱ፤ እኔም ስኒ አስቀምጬበት ቢሆን ኖሮ እንደዚያው ባላወቅኩ ነበር፣ ሰውየውን አትቆጣው አሉኝ።

መልስ 11 ግን ተቆጣ፣ በእኔ ላይ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ፣ ማንም በማያስነሣው ማሽን ላይ ጊዜና ገንዘብ ማጥፋት ቅንጦት ነው ይላል። ወርቁ ወርቅ ነው፣ ይሸጥ፣ ልጆች ይብሉበት። ጥያቄው ያሳመመኝ መልስ ስለሚገባው ነው። መልስ 12 ስለ ጥቅሙ ጻፈ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 በካናዳ የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች ሮቦቶችን የሚመሩ ፒዲፒ-11 ማሽኖች እስከ 2050 እንዲያገለግሉ ታስቦ፣ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ፕሮግራመር በይፋ ይፈለግ ነበር። ይህን መሰል ቦርድ ዛሬም በዓለም ላይ ፈላጊ አለው፤ የሚፈለገው ግን ሙሉ ሲሆን ነው።

እኔ ደግሞ መልስ 13ን ሒሳብ አድርጌ ጻፍኩት። ጥርሶቹ 216 ናቸው። እያንዳንዱ 2 በ10 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ የወርቅ ልባሱም ውፍረት አንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር ይሁን። ስፋቱ በድምሩ 43 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ወርቁ ከአራት ሺህኛ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የወርቅ እፍጋት 19.3 ስለሆነ ክብደቱ ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛ በታች ይወጣል። ለዚያ ተብሎ ናይትሪክ አሲድ ይፈላል፣ ቦርድ ይቃጠላል፣ ከሊዱና ከፕላስቲኩ የሚወጣው ጭስ ወደ ሠፈር ይገባል። በቦርከና ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

መልስ 14 የግቢው ባለቤት ራሱ ነው። የእህቱ ልጅ ክሩን አሳይቶት ኖሯል። እንደ አጥፊ በመቆጠሩ አዝኗል፣ ተቆጥቷልም። ማሽኑን ፈልጦ የጣለው እሱ አይደለም፤ በጨረታ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሳጥኑ አስቀድሞ በመጋዝ ተቆርጦ፣ ኬብሉም ለመዳቡ ተብሎ ተበጣጥሶ ነበር። እሱ የገዛው በኪሎ ነው፣ የሚሸጠውም በኪሎ ነው፣ አምስት ልጅ የሚያሳድገው በዚህ ነው። የተማረ ሰው መጥቶ ይህ ዋጋ አለው ካላለው ከየት ያውቃል? የአዲስ አበባው ነጋዴ ቢያንስ ዋጋ ይዞ ይመጣል አለ።

እውነቱን ነው። መልስ 15 ላይ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ረቡዕ ጠዋት ከነጋዴው ዋጋ ከፍ አድርጌ እንደምመጣም ነገርኩት። አብሽር፣ ና ብቻ አለኝ በመልስ 16።

መልስ 17 ከዚህ ሁሉ ጠቃሚው ይመስለኛል። የኔ ወንድም፣ እነዚያን አይሲ የሌላቸውን ትንንሽ ካርዶች እንዳትጥላቸው የሚል ነው። ጂ 727 ይባላሉ። ዩኒባስ በሚባለው የፒዲፒ-11 መስመር ላይ ፕሮሰሰሩ ለመሣሪያዎች ፈቃድ የሚሰጠው ከአንዱ ማስገቢያ (ቦርድ ከሚሰካበት ቦታ) ወደ ቀጣዩ በማቀበል ነው። በመሃል አንድ ማስገቢያ ባዶ ከሆነ ፈቃዱ እዚያ ይቆማል፤ ካርዷ የተሠራችው ያንን ክፍተት እንድታሻግር ነው። ከካርዷ በተጨማሪ ከማስገቢያዎቹ ጀርባ፣ መርፌዎቹ ላይ፣ ሲኤ1ን ከሲቢ1 የሚያገናኝ ቀጭን የተጠመጠመ ሽቦ አለ፤ እንደ ዲስክ መቆጣጠሪያው ያለ፣ ማህደረ ትውስታን በራሱ የሚደርስ ቦርድ በሚገባበት ማስገቢያ ላይ ይነሣል፣ ቦርዱ ሲወጣ መመለስ አለበት። መስመሩ መጨረሻ ላይ ኤም 9302 የሚባል መዝጊያ ካለ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ መስመሩ ተቋርጦ ሲገኝ ፈቃዱ እሱ ዘንድ የደረሰ መስሎት ምላሽ ይሰጣል፣ ማሽኑም ፈዝዞ ይቀራል። ብዙ ሰው ፕሮሰሰሩ ሞቷል ብሎ የሚጥለው ለዚህች መዳፍ የማትሞላ ካርድ እጦት ነው። ማስገቢያዎቹን ከነሽቦአቸው አድን፣ እያንዳንዱ ቦርድ ከየትኛው እንደወጣ ጻፍ ብሎ ጨረሰ። እኔ ይህን ባላውቅ ኖሮ ሁለቱን ካርዶች ለልጄ መጫወቻ ልሰጣት ነበር።

መልስ 18 የሐይቅ ልጅ ነው፤ ወደ ሌላ ወሰደን። እሱ ዘንድ ያለው ቦርድ ላይ ኬ155 ጄአይኤ3 የሚል አይሲ አለ፣ በየትም ማውጫ ላይ የለም አለ። መልስ 19ን የጻፉት ሶቭየት ኅብረት የተማሩ ጋሼ ሲሆኑ በሳቅ ሳይሆን በርኅራኄ አረሙት። ጄ እና አይ ተጣብቀው የመሰሉት ፊደል የሩሲያው ኤል ነው። አይሲው ኬ155ኤልኤ3 ይባላል፣ ከአሜሪካው 7400 ጋር አንድ ነው፤ ኬ155ቲኤም2 ደግሞ 7474 ነው። ሶቭየቶች ፒዲፒ-11ን ኤስኤም-4 ብለው፣ ታናሹን ኤልኤስአይ-11ን ደግሞ ኤሌክትሮኒካ 60 ብለው ሠርተውታል፤ ቴትሪስ የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው በዚህ በኤሌክትሮኒካ 60 ላይ ነው። አንድ ጥንቃቄ ጨመሩ፦ የሶቭየት አይሲ እግሮች ርቀት 2.5 ሚሊ ሜትር፣ የአሜሪካው 2.54 ነው። ባለ 14 እግር ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ባለ 40 እግር ላይ ግን በአንድ ጎን 19 ክፍተት ስላለ ሦስት ሩብ ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ በጉልበት ሲገፋ እግሩ ይሰበራል። አረንጓዴዎቹን ትንንሽ ኬኤም ካፓሲተሮች ሰው ፓላዲየም ለሚባለው ውድ ብረት ብሎ እንደሚነቅላቸውም ተናገሩ፤ ቦርድ ላይ የጉንዳን ጉድጓድ የመሰለ ባዶ ረድፍ ካያችሁ ምክንያቱ ያ ነው።

ልጁ በመልስ 20 አመስግኖ፣ መሃላቸው የመስታወት መስኮት ያላቸውን ቺፖች አቧራቸውን አጥቦ፣ የተለጠፈባቸውን ወረቀት ልጦ ፀሐይ ላይ እንዳሰጣቸው ነገረን። ሦስት ሰው በአንዴ ጮኸበት፤ መልስ 21፣ 22 እና 23 ያ ነው። መስኮቱ የተሠራው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ፕሮግራሙን ለማጥፋት ነው። በቀጥታ ፀሐይ አንድ ሳምንት ገደማ፣ በክፍል ፍሎረሰንት ሦስት ዓመት ገደማ ይበቃዋል። ወረቀቱ የተለጠፈው ለዚህ ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥርም የፕሮግራሙ ስም ነው። ልጁ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸው ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ አግብቶ በጥቁር ቴፕ ሸፍኗቸዋል። ለቦርድ መጠቅለያ ፌስታል አትጠቀም፣ ሲታሽ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ የማህደረ ትውስታ አይሲን ይገድላል፣ በካርቶንና በጋዜጣ ጠቅልል የሚል ምክርም እዚያው ተጨመረ።

መልስ 24 ረቡዕ ማታ የጻፍኩት የራሴ ነው። ክምሩን ጠቅላላ ገዛሁ፣ ሰባት ኪሎ ተኩል። ማህደረ ትውስታው ኤም 7891 ተገኘ፣ መዝጊያው ኤም 9302 ተገኘ፣ ኤም 9312 የሚባል መነሻ ካርድም ተገኘ። ከኤም 9312 አንዱ ሶኬት ላይ 23-751ኤ9 የሚል ቺፕ አለ። መልስ 1ን የጻፈው ሰው ወዲያው ነገረኝ፣ ይህ ማሽኑ ከአርኤል ዲስክ እንዲነሣ የሚያደርገው ነው። የቡናው ሳህን ነገር በዚህ ተረጋገጠ። ኤም 7266 ግን የለም። ከአራት ቦርድ ላይም ጥርሳቸው ተቆርጧል፣ እኔ ከመድረሴ በፊት ለናሙና ብለው። ኃይል ሰጪውንም ጨምሮልኛል፤ ኤች 744 የሚል የ5 ቮልት 25 አምፔር መቆጣጠሪያ ሁለት አለው። ነገ ሶኬት ላይ ሰክቼ እሞክረዋለሁ ብዬ ጻፍኩ።

መልስ 25 በጣም ተቆጣ፣ ደግ አደረገ። ይህ ማሽን ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ለ115 ቮልት ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል፣ የእኛ 220 ነው። አርባ ዓመት ያለ ኤሌክትሪክ የቆየ ትልቅ ካፓሲተር በአንዴ ሙሉ ኃይል ከገባበት ይፈነዳል። የሥራ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አስቀመጠ፦ አስቀድመህ የውስጡን ማገናኛ ለስንት ቮልት እንደተሰካ እይ፣ ካፓሲተሮቹን ለይተህ በዝቅተኛ ኃይል ቀስ በቀስ መልሳቸው፣ ከዚያ ባለ 100 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገብተህ፣ ቦርድ ሳትሰካ፣ የመኪና መብራት አምፖል እንደ ጭነት አድርገህ ለካ። ከ4.75 በታች ወይም ከ5.25 በላይ ካሳየህ አንድም ቦርድ እንዳትሰካበት። ስትጨርስ ካፓሲተሩን በሬዚስተር ባዶ አድርግ፣ በእጅህ እንዳትነካው። እንደ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ስለ ካፓሲተር ክፋት ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር። የደስታ ችኮላ ነው።

በመልስ 26 ቦርዶቹ ሁሉ የሚሰኩበት ባክፕሌን በአማርኛ ምን ይባል በሚል ክርክር ተነሣ፤ የጀርባ ሰሌዳ፣ የቦርድ አልጋ፣ መሰኪያ መደብ ተባለ። ሳይስማሙ ቀሩ፣ ጋሼ ግን አልጋ የሚለውን ወደዱት።

መልስ 27 እንደገና ከኮምቦልቻ ነው። የግቢው ባለቤት ዘንድ ከቁርጥራጩ የተረፈ የሳጥኑ ክዳን አለ፤ ዶሮ ቤቱን ከዝናብ ጋርዶበት ነበር። ገልብጦ ሲያየው ውስጡ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ በእጅ ጽሑፍ ከ1 እስከ 9 ቁጥር ተደርድሮ በየቁጥሩ ጎን ኤም የሚል አለ። ፎቶውን አያይዞታል። የታችኛው ጥግ ዝገት በልቶታል፣ 7 እና 8 አይነበቡም። 1 እና 2 ላይ ግን ሁለቱ የፕሮሰሰር ቦርዶች ጎን ለጎን ተጽፈዋል። በጨረታው ዕለት ከእሱ ሌላ ወደ ወልድያ ያጋዘ አንድ ነጋዴ እንደነበርም አስታወሰ፣ ነገ ደውሎ ሊጠይቅልኝ ነው። ክዳኑን ቅዳሜ ወርጄ እወስደዋለሁ። ለዶሮዎቹ የሚሆን አዲስ ቆርቆሮ ዛሬ ከሙጋድ ገበያ ገዝቻለሁ።